ከፓምፕ ቤቱ እስከ መጋዘኑ

ባለፈው ወር ሀናን አንድ ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። ሀናን የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ጀጎል ውስጥ እንግዳ እያዞረች ማስጎብኘት ሥራዋ ነው። «ጋሼ፣ አማርኛውን ይዩልኝ፤ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል» አለችና አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ የቀዳሁላትን ሻይ ከግማሽ ሳታሳልፍ እየሮጠች ወጣች። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የሠርግ ጥሪ ይሁን የዕድር ማስታወቂያ፣ ሰፈሩ የጻፈው ነገር በእኔ እጅ ሳያልፍ አይወጣም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ ሰው የተሳሳተ ፊደል ይዞልኝ ሲመጣ ደስ ይለኛል።

ወረቀቱ ሐረርና አካባቢዋን በእግር ለማየት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነበር። አንደኛው መንገድ ከሸዋ በር ተነስቶ፣ መኪና ግርግር የሚባለውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ አልፎ ፈረስ መጋላ አደባባይ ያወጣል። ሁለተኛው ከግንቡ ውጭ ከበር ወደ በር እያለ ጀጎልን ይዞራል። ሦስተኛው ከከተማ ወጥቶ በሐሮማያ ሐይቅ ዳር ያዘግማል። ስለዚህኛው እንዲህ ይላል፦ «ከአሮጌው ፓምፕ ቤት ተነስቶ የውሃውን ዳር ይዞ እስከ ቀድሞው መጋዘን ድረስ። ሜዳማ ነው፤ ለአዛውንትም ለሕፃንም ቀላል። አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ።»

ቀይ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ እዚያ መስመር ላይ ቀረሁ። ስህተት አግኝቼ አይደለም፤ ፊደሉ ልክ ነው፣ አራት ነጥቡም ቦታው ላይ ነው። ግን ያንን መንገድ አውቀዋለሁ። በእግሬ አንድም ቀን ሄጄበት አላውቅም፤ ሆኖም አርባ ዓመት ግድም በሐሳቤ ያልሄድኩበት ሳምንት የለም። አንዳንዴ ጫማዬን ሳስር፣ አንዳንዴም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለ ማሰሪያ አንቀጽ እያስረዳሁ፣ አንዲት ሴት ግራ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ በውሃው ዳር ስትሄድ አያታለሁ። ዞራ አታየኝም። ብትዞር ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። ያኔ ሐረር ውስጥ ጢም ያጎነቆለ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሰላም አልነበራትም። ሰሜን ጦርነት ነበር፤ ለጦርነቱ ሰው ይፈለጋል፤ በፈቃዱ የሚሄድ ሲጠፋ ደግሞ አፈሳ ይመጣል። ኳስ ሜዳ ላይ ከነማሊያቸው የታፈሱ ነበሩ። ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ዳቦውም እሱም ያልተመለሱ የክፍሌ ልጅ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔንና ሁለት እህቶቼን ብቻዋን ያሳደገችው እናቴ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ጠዋት ልብሴን በፌስታል ጠቅልላ «አጎትህ ጋ ትሄዳለህ፤ ና እስክልህ ሐረርን አታስባት» አለችኝ። ከሸዋ በር በጫት መኪና ላይ በባዶ ጆንያ ተሸፍኜ አወዳይ፣ ከአወዳይ ደግሞ በእግሬ ሐይቁ ጋ ደረስኩ።

አጎቴ አሰፋ የፓምፕ ቤቱ ሠራተኛ ነበር። የሐረር ሰው የሚጠጣው ውሃ ያኔ ከዚያ ሐይቅ እየተሳበ ነበር የሚመጣው፤ አጎቴም ከተማው ሁሉ በእሱ ፈቃድ ፊቱን እንደሚታጠብ አድርጎ ያወራ ነበር። ሐይቁ ሰፊ ነው። ጠዋት ጉሙ ሲነሳ የማዶዎቹ ኮረብታዎች ቀስ ብለው አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ሴቶች ካሮትና ድንች በጆንያ እያመጡ ዳር ላይ ያጥባሉ፣ ዳክዬዎች ይንጫጫሉ፣ ከኋላችን ሞተሩ መሬት እያንቀጠቀጠ ይሠራል። የምንበላው በቀን ሦስቴ ድንች ነበር፤ ጠዋት ቅቅል፣ ቀን ቅቅል በሚጥሚጣ፣ ማታ ደግሞ አጎቴ «ዛሬስ ወጥ ሠርቻለሁ» ብሎ የሚያቀርበው ቅቅል በሽንኩርት። ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ ስለነበር አፋሾች ቢመጡ የምደበቅበትን ቦታ መርጬ ጨርሼ ነበር።

ስለ አጎቴ ካነሳሁ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ አገር መንገደኛ «ሩቅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሩቅ ነው አይባልም። «ቅርብ ነው፣ እዚችው ናት» ይባላል፤ የግማሽ ቀን መንገድ ቢቀረውም። ይህ እንደ ውሸት አይቆጠርም። ሰውየው ጉልበቱ እንዳይከዳው ማበርታት ነው፣ ጨዋነት ነው። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሐረሪም ያው ነው። አጎቴ በዚህ የሚወዳደረው አልነበረም። በደጃፉ የሚያልፍ ሰው መድረሻውን ተናግሮ ሳይጨርስ «እዚችው ናት!» ይለዋል። ጅጅጋ እሄዳለሁ የሚል ቢመጣ እንኳ በዚሁ ቃል ይሸኘዋል እያልኩ እስቅበት ነበር። እየሳቅኩ ተማርኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ከሐይቁ ማዶ በሚገኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ከየገጠሩ የታፈሱ ወጣቶችን ማጎር ተጀመረ። ከእኛ በራፍ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ይታያል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ያብረቀርቃል። አጎቴ ከግቢው እንዳልወጣ አስጠነቀቀኝ። ነፋሱ ወደ እኛ በሚነፍስበት ጊዜ ጩኸት የሚመስል ነገር ይሰማኛል። «ምንድን ነው?» ስለው «ወፍ ነው» ይለኛል፣ ዓይኔን ሳያይ።

አንድ ሐሙስ ሞተሩ ተበላሸና አጎቴ መለዋወጫ ሊያመጣ በጠዋት ወደ ሐረር ሄደ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ድንች እየላጥኩ ሳለሁ ከአስፋልቱ በኩል አንዲት ሴት መጡ። አርባ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ቀጭን ናቸው፤ የላስቲክ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል፤ ግራ ትከሻቸው ከቀኙ ከፍ ይላል። በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ። የሐረር ልጅ ኦሮምኛ ሳይሰማ አያድግምና እኔም መለስኩ። እንዴት አደርክ፣ ሰዉ ደህና ነው፣ ከብቱ ደህና ነው፣ ዝናቡስ? ከብት እንደሌለኝ እያዩ ከብቴን ጠየቁ፤ እኔም ደህና ነው አልኩ። ውሃ ሰጠኋቸው። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስከ መጨረሻው ጠጡ።

«ልጆቹን ያጎሩት ያ ማዶ ነው ይላሉ። እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው፣ አዴ» አልኩ። አዴ በእኛ አካባቢ ኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ ለማናቸውም ትልቅ ሴት ይባላል።

«ልጄ እዚያ ነው። ከትናንት በስቲያ ከአወዳይ ገበያ ወሰዱብኝ። ሐረር ድረስ ሄጄ ፈለግኩት፣ የለም። ዛሬ ከዙሁር ሶላት በፊት በመኪና ያንቀሳቅሷቸዋል አሉኝ።» ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ። ቀትር ሊሆን ሦስት ሰዓት ያህል ይቀራል። «በዳር በኩል ይሻላል ወይስ በአስፋልቱ?»

«በዳር ይሂዱ። ሜዳ ነው። ቅርብ ነው፣ እዚችው ናት» አልኩና እጄን ዘርግቼ ቆርቆሮውን አሳየኋቸው። እኔ መንገዱን አላውቀውም፤ ከበራፉ ሆኜ ከማየት በቀር።

አልተንቀሳቀሱም። ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት። «አንተስ አብረኸኝ አትመጣም? የተማርክ ትመስላለህ» አሉኝ።

የመለስኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ሞተሩን ጥዬ መሄድ አልችልም፣ አዴ።» ሞተሩ ከኋላዬ ዝም ብሏል። ሌላ ጊዜ ሁለት ሰው ካልተጯጯኸ የማያስደማምጥ ሞተር፣ የዚያን ቀን ጠዋት ግን የዳክዬዎቹ ክንፍ ሳይቀር ይሰማ ነበር። እኔም ሰማሁት፣ እሳቸውም ሰሙት። ፊታቸው ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። «አብሽር፣ ልጄ። አላህ ይጠብቅህ» አሉና በዳሩ መንገድ ሄዱ።

ፈርቼ ነበር። ሌላ ስም የለውም። ያ የመጋዘን በር እኔን እየጠበቀ እንዳለ ሁሉ፣ አንድ እግሬን ካስጠጋሁ ተስቤ የምገባ መስሎኝ ነበር። እናቴ በጆንያ ሸፍና የላከችኝ ልጅ፣ በራሴ እግር ሄጄ መኪናው ሥር ልቆም? እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ሴትዮዋ እያነሱ እያነሱ ሄደው የዳር ሸምበቆ እስኪሸፍናቸው ድረስ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ ገብቼ ከሞተሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። ድንቹን ልጬ አልጨረስኩትም።

ቀትር ላይ መኪኖቹ ተነሱ። ሦስት ነበሩ። አቧራ አልነበረም፣ ዝናብ ስለሰነበተ፤ ድምፃቸው ግን በውሃው ላይ እየተንሸራተተ እኔ ጋ ድረስ ይመጣ ነበር። ከዚያ የሴቶች ለቅሶ ተነሳ። የአንድ ሴት አይደለም፣ የብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ መሃል የእሳቸውን ለመለየት ጆሮዬን አቀናሁ። ምን ሊጠቅመኝ እንደሆነ እንጃ። ጠዋት ሁለት ቃል ያወራኋት ሴት ድምፅ እንዴት ይለያል?

አጎቴ ሲመለስ ነገርኩት። መለዋወጫውን መሬት ላይ አስቀመጠና «በዳር በኩል ሰደድካቸው?» አለ። «በዚህ ክረምት? መሃል ላይ እኮ ውሃው ሞልቶ መንገዱን ውጦታል። ማሳ ለማሳ እየዞሩ እስኪደርሱ ምሳ ሰዓትም ያልፋል። በአስፋልቱ ቢሆን የሚጭናቸው አያጡም ነበር።» ፊቴን ሲያይ ደነገጠና ሊያጽናናኝ ሞከረ። «ተወው፣ አንተ ምን ታደርግ? ለመንገደኛ ቅርብ ነው ይባላል።»

እንግዲህ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ያመንኩት ይህንን ነው፦ እኒያ እናት በእኔ ቃል ምክንያት አርፍደው፣ ልጃቸውን ሳያዩ ቀሩ። አንዲት የጨዋነት ቃል ተናግሬ የአንድን ልጅ የመጨረሻ ስንብት ሰረቅኩ። እኔ አልታፈስኩም። እናቴ ጥቅምት ላይ ና አለችኝ፣ ተማርኩ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፣ ሌላ አገር ጥቂት ዓመት አስተማርኩ። ጦርነቱ አለቀ። የተረፉት ወታደሮች በባዶ እግራቸው፣ ጣሳ በገመድ አንጠልጥለው ሲመለሱ የየመንገዱን ዳር ሞልተው አይቻቸዋለሁ። ከእነሱ መሃል አንዱ የዚያች ሴት ልጅ ይሆን እያልኩ ፊታቸውን እመለከት ነበር፤ ልጁን በዓይኔ አይቼው የማውቅ ይመስል።

ወደ ሐረር ተዛውሬ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት እኒያን እናት ሸዋ በር ላይ አየኋቸው። ግንቡ ሥር ተቀምጠው ካዝሚር ይሸጣሉ። አረንጓዴውን ፍሬ አምስት አምስት አድርገው ጨርቅ ላይ ደርድረውታል። ትከሻቸውን ሳይ ነው ያወቅኳቸው። አንዲት ገዢ ፍሬውን እየነካካች «አዴ ሙሚና፣ ብቻዎን ነው የሚኖሩት? ልጅ የለዎትም?» ስትላቸው ሰማሁ። «አለኝ» አሉ፣ አሁን በአማርኛ። «ወታደር ነው።» ጦርነቱ ካለቀ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ በሸዋ በር መግባት ተውኩ። ቤቴ ለሸዋ በር የቀረበ ነው፤ እኔ ግን ጀጎል ለመግባት በቡዳ በር እዞር ነበር፣ ሲያስፈልግም በሰንጋ በር። አዴ ሙሚና አንዳንድ ቀን ቦታ እየቀየሩ ፈረስ መጋላ ስለሚቀመጡ ከእሱም መሸሽ ነበረብኝ። እንዲህ ሆኜ ነው የጀጎልን መተላለፊያ ሁሉ ያወቅኩት። የትኛው ቀጭን መንገድ የማን ግድግዳ ሥር እንደሚያልቅ፣ የትኛው ደረጃ ክረምት ላይ እንደሚያንሸራትት፣ የቱ ጋ ጠዋት ሙሸበክ የሚሉት ጣፋጭ ሲጠበስ እንደሚሸት፣ ሀናን ከመወለዷ በፊት አውቃለሁ። ባልደረቦቼ «መምህር ሰይፉ ማኪያቶ ለመጠጣት ከተማውን ይዞራል» እያሉ ያላግጡብኝ ነበር። አብሬ እስቅ ነበር።

ከዚያ ሐይቁ ደረቀ። እንደዚያ ያለ ነገር ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ዓመት ከዓመት እየሸሸ ሄዶ አንድ ቀን የለም አሉ። ሐረር ጀሪካን ተሸክማ የምትሰለፍ ከተማ ሆነች። ሰው ሲያዝን እኔ፣ ምን ልሸሽግ፣ ደስ አለኝ። ሐይቅ ከሌለ ዳር የለም፣ ዳር ከሌለ መንገድ የለም፣ መንገድ ከሌለ ያቺ ሴት የምትሄድበት የለም አልኩ። ሳምንት አልቆየልኝም። በደረቀው ጭቃ ላይ ስትሄድ አየኋት፣ እንደ ድሮዋ፣ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ።

ጀጎል ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ አንድ ጠባብ መንገድ አለ። የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ካልታረቁ አይተላለፉም ይባላል፤ ሰውነታቸው ስለሚነካካ ይሆናል። አንድ የጥር ቀን፣ ስምንት ሰዓት ግድም፣ የታመመ ተማሪ ጠይቄ ስመለስ በዚያ ገባሁ። መሃሉ ላይ ስደርስ ከወዲያ በኩል አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መጡ። ትከሻቸውን ከማየቴ በፊት ርቀቱ አልቆ ነበር። ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፣ ዘንቢል በክንዳቸው አንጠልጥለዋል።

«ይለፉ፣ አዴ» አልኩ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ። አላለፉም። ቆመው አዩኝ።

«አንተ የፓምፑ ልጅ አይደለህ?»

«ያውቁኛል?»

«ስትሸሸኝ አይሃለሁ እንጂ፣ ስንት ዓመት! ወላሂ፣ ብርቱካን ሻጯም ታውቅሃለች። መምህሩ ዛሬም ዞረ እያልን እንስቃለን።» ጥርሳቸው ጥቂት ነው፤ ሳቃቸው ግን ሙሉ ነበር።

ያን ሁሉ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋብኝ። «አዴ፣ ያን ዕለት ዋሸሁዎት» አልኩ። «ቅርብ ነው አልኩዎት፣ ቅርብ አልነበረም። በእኔ ምክንያት ሳይደርሱ ቀሩ።»

«ማን ነው ያልደረሰ?» አሉ። «ደርሻለሁ። መኪኖቹ ገና ቆመው ነበር። መንገዱንማ እኔ ነበርኩ ለአንተ የምነግርህ፤ እዚያው ሐይቁ ዳር ነው የተዳርኩት። ውሃው ወገቤ ድረስ መጣ፣ ገብቼ ተሻገርኩ።»

«ታዲያ ለምን ጠየቁኝ?»

«ምን ልበል ኖሮ? ከመሬት ተነስቶ ለማያውቁት ሰው ተነስና ተከተለኝ ይባላል? ሰላምታ አለ፣ ውሃ አለ፣ መንገድ መጠየቅ አለ። የልብ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።» ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ወረቀት ይዤ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የጻፈልኝ። አባቱ ሞቷል፣ ሌላ ልጅ የላትም ይላል። እንደዚያ ያለ ይዛ ሄዳ ልጇን ያስለቀቀች ሴት ነበረች፣ ግን ከእሷ ጋር የሚናገርላት ወንድም ነበራት። እኔ ያኔ ከአማርኛ እሺን ብቻ ነው የማውቀው። በሩ ላይ ያለው ወታደር ኦሮምኛ አያውቅም። በዙሪያዬ ያሉት እናቶች ሁሉ እንደኔው ናቸው። ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። አንድ ነገር ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩ። ሌላ ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩ። አጥፎ ኪሱ ከተተውና በሩን ዘጋው። ምን እንደጠየቀኝ ዛሬም አላውቅም።»

ከላይ ከአንድ ቤት የሕፃን ለቅሶ ይመጣ ነበር። የግድግዳው ኖራ ኮቴን ሁሉ ነጭ አድርጎታል።

«ና ስልህ ለመንገድ መስሎህ ነው?» አሉኝ። «በመንገድማ ብቻዬን እሄዳለሁ። አንደበት ነበር የቸገረኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ዘንቢላቸውን ክንዳቸው ላይ አስተካከሉ። «ልጅ ነበርክ፣ ፈርተሃል። አንተን ይዘውህ ቢሆን እናትህ እኔን ትረግም ነበር። ይህንን አስባለሁ። ግን አልዋሽህም፤ መጥቶልኝ ቢሆን ኖሮም እላለሁ። አንዱን ብዬ ሌላውን መተው አልቻልኩም።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«ነበር አትበል። ሙክታር ነው።» ወደ ጎን ዞረው አለፉኝ። ዘንቢላቸው ደረቴን ነካው። ያ መንገድ ያስታርቃል ይባላል፤ እኛ ታርቀን ይሁን ሳንታረቅ እንደወጣን ግን እስከ ዛሬ መናገር አልችልም።

ሃያ ምናምን ዓመት ለተሳሳተው በደል አለቀስኩ ማለት ነው። ያቺ ቅርብ ነው የምትል ቃል ከእሳቸው ጆሮ እንኳ አልገባችም። እሷን እንደ ቁስል ስነካካ፣ ዋናውን ነገር ዘወር ብዬ አላየሁትም። አማርኛ ነበር የጎደላቸው፤ እኔ ደግሞ ከአማርኛ በቀር የምሰጠው ያልነበረኝ ልጅ ነበርኩ። በኋላ በዚሁ ቋንቋ እንጀራዬን በላሁ፣ ሺህ ልጅ አስተማርኩበት፣ ለአንዲት ሴት ግን አላዋስኩም። ከዚያን ቀን በኋላ በሸዋ በር ማለፍ ጀመርኩ። «መምህሩ መንገዱ ተቃናለት» ብለው ሻጮቹ ሳቁብኝ። አንዳንድ ጊዜ አዴ ሙሚና አጠገብ ድንጋይ ላይ እቀመጥ ነበር። ብዙ አናወራም። ከሦስት ክረምት በኋላ አረፉ። ከቀብር ስንመለስ አንድ ሰው «ልጅ የላቸውም?» ብሎ ጠየቀኝ። አላቸው አልኩት።

ሀናን ወረቀቱን ልትወስድ ስትመጣ ሁለት ነጠላ ሰረዝና አንድ የተደገመ ቃል ብቻ ነበር ያረምኩት። «ቅዳሜ መንገዱን ልንሞክረው ነው፤ አብረውን ይምጡ» አለችኝ። ሄጄበት አላውቅም ስላት አላመነችኝም። «ሐረር ተወልደው!» አለች። ቅዳሜ በሚኒባስ ሄድን፣ ሰባት ሆነን። ሐይቁ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ተመልሷል፤ የድሮውን ያህል ባይሆንም ውሃ ነው። ፓምፕ ቤቱ ጣሪያ የለውም። ከእሱ ተነስተን በሽንኩርትና በድንች ማሳ አጠገብ፣ ገበሬዎች በትናንሽ ሞተር ውሃ በሚስቡበት ዳር ዳሩን ሄድን። ጉልበቴ ደህና ሸኘኝ። ዓይኔ ግን ከፊት ከፊቴ ሰው ይፈልግ ነበር። ማንም አልነበረም፤ ሀናንና ጓደኞቿ ፎቶ ይነሳሉ።

ከመጋዘኑ የቀረው የድንጋይ መሠረቱ ነው። መሃሉ ሜዳ ሆኖ የሰፈር ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናቸው ነው። በሩ የነበረበትን ቦታ ገመትኩና ቆምኩ። ከዚያ ያኔ ሳልለው የቀረሁትን አልኩት፤ ክፍል ውስጥ በማስተምርበት ድምፅ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃሉን ሳልውጥ፦ «ይህች እናት ከዚህ ልጅ በቀር ሌላ የላትም፤ አባቱም ሞቷል፤ እባካችሁ ልቀቁላት።» ቆጠርኩት፣ የመምህር አመል ነው። አሥራ አንድ ቃል ነው። አንድ እስትንፋስ እንኳ አይፈጅም።

ኳሱ ቆመ። በረኛው፣ ረጅም ቀጭን ልጅ፣ ወደ እኔ መጣ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለደም። «ማንን ነው የምንለቀው፣ አባባ?» አለኝ።

ስሙን ነገርኩት። ልጁ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በኦሮምኛ ጮኸ፤ ሙክታር የሚባል አለ ወይ፣ ሰው ይፈልገዋል አላቸው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም ጠበቁ። አቤት ያለ አልነበረም።